ቀበሮ ሳይቀምስ የጻፈው

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ጋዜጣ ያነቡ በነበረበት ዘመን፣ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት እየዞረ ስለ ቀመሰው ሁሉ የሚጽፍ ቀበሮ ነበር። ቀበሮ ያሞገሰው ቤት ደጃፉ ይጨናነቃል፤ ያጣጣለው ቤት ግን ዝንብም አይገባበትም። አንባቢ ከሙገሳው ይልቅ ስድቡን ይወድለት ነበር፤ የጋዜጣው አዘጋጅ አንበሳም ይህን ያውቃል።

አህያ ወንዝ ዳር ትንሽ ገንፎ ቤት ከፈተች። ቀበሮ ሊጎበኛት የሄደው ከጅብ ግብዣ ሥጋ ጠግቦ፣ ሆዱ ተነፍቶ ነበር። አህያ ትኩስ ገንፎ መሐሉን በቅቤና በበርበሬ ሞልታ አቀረበችለት።

«ይቅመሱልኝ ጌታው። ገብሱን ቆልቼ የፈጨሁት ራሴ ነኝ» አለችው።

«ማየቱ ይበቃኛል» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ «የአህያ ገንፎ ለሆድ ሳይሆን ለግድግዳ ምርጊት ይሆናል» ብሎ ጻፈ። ጫካው ሁሉ ሳቀ። ጅብማ በየመንገዱ እየደጋገመ ይለው ጀመር።

«ለመሆኑ ቀምሰኸዋል?» አለችው ጦጣ።

«ምን ያስቀምሰኛል? ተጽፎ የለም?» አላት ጅብ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አህያ ቤቷን ዘግታ ጭነት ተሸካሚ ሆነች።

ዓመታት አለፉ። ቀበሮ አረጀ፤ ጥርሱም ረገፈ። ታሞ በተኛበት ጦጣ ገንፎ ይዛለት መጣች። አንድ ጊዜ ጎረሰ። ደግሞ ጎረሰ።

«እንዲህ ያለ ምግብ በዕድሜዬ አልቀመስኩም። የማን እጅ ነው?»

«የአህያ። መታመምህን ብነግራት ሠርታ ላከችልህ።»

ቀበሮ የቀረውን ገንፎ ወደ ጎን አስቀመጠ። እንደ ተሻለው ጥፋቱን ጽፎ ወደ አንበሳ ወሰደ። አንበሳ አነበበና «ይቅርታ ማን ያነባል ብለህ ነው?» ብሎ ከመጨረሻው ገጽ ጥግ ወሸቀው። ጅብም ሳያየው ጋዜጣውን ሥጋ ጠቀለለበት።

ቀበሮ አህያን ፍለጋ ወጣ። ዳገት ሥር፣ ጭነት እንደ ተሸከመች አገኛት።

«ቤቱን መልሰሽ ክፈቺው፤ እኔ ስለ ገንፎሽ እጽፋለሁ» አላት።

«ጉልበቴ አልቋል፣ አያ ቀበሮ» አለችው። «ያኔ ቀምሰው ቢጠሉት ኖሮ ጨውም ቢሆን፣ ቅቤም ቢሆን አስተካክል ነበር። ሳይቀምሱ ሲጠሉት ግን ምኑን ላስተካክል?»

ይህን ብላ ዳገቱን መውጣት ቀጠለች፤ ቀበሮ ከዓይኑ እስክትሰወር ቆሞ አያት።

ከዚህ የምንማረው ሳናጣራ በቀልድ የጣልነውን የሰው ድካም፣ ኋላ በጸጸት ልናነሳው ብንሞክር ጊዜው እንደሚያልፍብን ነው።