ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ

ተረት ልጀምር ነው። «የላም በረት» ብላችሁ አታቋርጡኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ በረቱ ራሱ መቆሚያ አጥቶ ሲጣላ ነው የምታገኙት። ዝም ብላችሁ ስሙ። ሳቅ ከመጣ ግን ሳቁ፤ በሚያስቀው ላይ ዝም ያለ ልጅ ካለ ከመጀመሪያው ደግሜ ነው የምነግረው።

እንጎጭ የምትባል መንደር ነበረች። መንደር ካልናት እንግዲህ። ከገደል አፋፍ ላይ የተለጠፈች ናት። እዚያ ዶሮ እንኳ እንቁላል ስትጥል እግሯን ተክላ ነው፤ አለዚያ እንቁላሉ ገደል ይገባል። በገደሉና በጎጡ መሪ በአስረስ አጥር መሃል አንዲት ቀጭን መንገድ አለች። የሚያልፍባት ሰው ሆዱን ይሰበስባል። አማትና አማች ከተገናኙባትማ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ይመሽባቸዋል።

እዚያ መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ይታይሽ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ስለሆነ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ መጥታለች። ወሯ ገብቷል። ምጡ ሲመጣ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገዱ ድረስ ሊያደርሷት ነው፤ አምቡላንሱ ከዚያ ወዲህ አይመጣም። ቃሬዛ ደግሞ ሁለት ሰው ከፊት፣ ሁለት ሰው ከኋላ፣ ጎን ለጎን ሆነው ነው የሚሸከሙት። በዚያች መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ አንደኛው ገደል ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ምጥ የያዛትን ሴት ከቃሬዛ አውርደው፣ በእግሯ እየደገፉ ነው ያሳለፏት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። አንጓች ይህን በዓይኗ አይታለች፤ እንቅልፍ የላትም።

አንድ ቀን ከወረዳ አንዲት ባለሙያ መጣች። ወጣት ናት፣ ጭቃ አትፈራም። ሕዝቡን አስረስ ደጅ ላይ ሰበሰበችና፣ «የመንደራችሁን የወደፊት ዕቅድ አብረን ነው የምናወጣው። ከአሥር ዓመት በኋላ እንጎጭ ምን እንድትመስል ትፈልጋላችሁ?» አለች። በአመድ መሬቱ ላይ አሰመረች፤ ገደሉ ይኸ፣ መንገዱ ይኸ። ለየቤቱ አንድ አንድ ባቄላ ተቀመጠ። መንደሯ እንዳለች መሬት ላይ ተዘረጋች።

ከዚያማ ምኞቱን ማን ይያዘው! አስረስ «አስፋልት!» አለ። ዋለልኝ «ወፍጮ!» አለ። አያ ሽባባው የሚባሉ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና፣ «አውሮፕላን ማረፊያ» አሉ።

«አያ፣ የት ሊሄዱበት ነው?» አላቸው አንዱ።

«እኔ የት እሄዳለሁ? የሚመጣ ካለ ብዬ እንጂ።»

አንጓች ተነሣች። «እኔ የምፈልገው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ ነው» አለች።

«ይኸው ነው?» አለ አስረስ።

«ይኸው ነው።»

«እትዬ አንጓች፣ የአሥር ዓመት ዕቅድ ነው እኮ የተባለው!»

«የልጄ ሆድ አሥር ዓመት አይጠብቅማ!»

ሰዉ ሳቀ። ባለሙያዋ አልሳቀችም። «ከዚሁ እንጀምር» አለች። «አጥሩ ሁለት ክንድ ፈቀቅ ቢል መንገዱ ይሰፋል።»

የማን አጥር? የአስረስ። አስረስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንቢ አላልኩም። ግን ግቢዬ ጠባብ ናት፤ ከፊት ሁለት ክንድ ስሰጥ ከኋላ ሁለት ክንድ ማግኘት አለብኝ። ከኋላዬ ደግሞ የዋለልኝ የጭድ ክምር ተጋድሞብኛል። እሱ ፈቀቅ ይበል፣ እኔ አጥሬን አሁን እነቅላለሁ።»

እንግዲህ ክምሩ ፈቀቅ ካላለ አጥሩ ፈቀቅ አይልም፤ አጥሩ ፈቀቅ ካላለ መንገዱ አይሰፋም፤ መንገዱ ካልሰፋ ቃሬዛ አያልፍም፤ ቃሬዛ ካላለፈ ይታይሽ ምን ይዋጣት?

አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ክምሩ ሄደች። ስብሰባውም ተነሥቶ ተከተላት። የዋለልኝ ክምር ትልቅ ከመሆኑ የተነሣ ፀሐይ ለእሱ ቤት የምትወጣው ሌላው ሰው ቁርሱን በልቶ ሲጨርስ ነው። «ዋለልኝ፣ ክምርህን ሁለት ክንድ ፈቀቅ አድርግልኝ» አለችው።

«ለይታይሽ ሲባል ላፍርሰው። የት ልከምረው ግን? ከኋላው የአያ ሽባባው በረት ነው። ራሴ ላይ ልቆልለው?»

«ራስህማ ጭድ መች አነሰው!» አለች ስንዱ ከሰዉ መሃል። ስንዱ ጠላ ሻጭ ናት፤ ምላሷ ከጠላዋ ይበልጥ ያሰክራል።

እንግዲህ በረቱ ፈቀቅ ካላለ ክምሩ ፈቀቅ አይልም፤ ክምሩ ፈቀቅ ካላለ አጥሩ ፈቀቅ አይልም፤ አጥሩ ፈቀቅ ካላለ መንገዱ አይሰፋም፤ መንገዱ ካልሰፋ ቃሬዛ አያልፍም፤ ቃሬዛ ካላለፈ ይታይሽ ምን ይዋጣት?

አንጓች ወደ በረቱ ስትዞር አያ ሽባባው ራሳቸው ከኋላዋ ቆመዋል።

«አያ፣ እርስዎም ከእኛ ጋር እየዞሩ ነው እንዴ?»

«ታዲያ በረቴ ሲከሰስ እቤቴ ልቀመጥ?»

«በረቱን ሁለት ክንድ ፈቀቅ ያድርጉልኝ፣ አባቴ።»

«ልጄ፣ በረቱን ፈቀቅ ሳደርገው ላሞቼ የስንዱን ጌሾ አፋቸው ሥር ያገኙታል። ባለፈው አንዲት ጥጃ አንድ ቅጠል ብትቀምስ፣ ስንዱ ጥጃዋን ትታ እኔን እስከ ቅድመ አያቴ ሰደበችኝ።»

«ገና መች ጨረስኩ!» አለች ስንዱ።

እንግዲህ ጌሾው ፈቀቅ ካላለ በረቱ ፈቀቅ አይልም፤ በረቱ ፈቀቅ ካላለ ክምሩ ፈቀቅ አይልም፤ ክምሩ ፈቀቅ ካላለ አጥሩ ፈቀቅ አይልም፤ አጥሩ ፈቀቅ ካላለ መንገዱ አይሰፋም፤ መንገዱ ካልሰፋ ቃሬዛ አያልፍም፤ ቃሬዛ ካላለፈ ይታይሽ ምን ይዋጣት?

ሁሉም ስንዱን አያት። ስንዱ ወገቧን ያዘች። «ምን ታዩኛላችሁ? ጌሾዬ ገና ችግኝ ነው፣ ነቅዬ እተክለዋለሁ። ግን ከጓሮዬ ወዲያ የመሪጌታ ቀፎ ነው። የእሳቸው ንብ እኔን ሲያይ የጠፋች ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል፤ እየበረረ መጥቶ ይስመኛል። ይኸው ከንፈሬን እዩት!»

እውነትም ከንፈሯ ከፊቷ ቀድሞ ነበር የሚሄደው።

እንግዲህ ቀፎው ፈቀቅ ካላለ ጌሾው ፈቀቅ አይልም፤ ጌሾው ፈቀቅ ካላለ በረቱ ፈቀቅ አይልም፤ በረቱ ፈቀቅ ካላለ ክምሩ ፈቀቅ አይልም፤ ክምሩ ፈቀቅ ካላለ አጥሩ ፈቀቅ አይልም፤ አጥሩ ፈቀቅ ካላለ መንገዱ አይሰፋም፤ መንገዱ ካልሰፋ ቃሬዛ አያልፍም፤ ቃሬዛ ካላለፈ ይታይሽ ምን ይዋጣት?

መሪጌታ ይባቤ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። «ደህና ዋላችሁ» ለማለት እንኳ ቁጭ ብለው ያስባሉ። አንጓች ለመነቻቸው። አሰቡ። አሁንም አሰቡ። ከዚያ፣ «ንብ የስብሰባ ውሳኔ አይሰማም» አሉ። «ቀፎውን ፈቀቅ ባደርገው የድንቄ የሸክላ መተኮሻ አጠገብ ይሆናል። ጭሱ ከሸተተው ንቤ ተነሥቶ አገር ይለቃል። መተኮሻው ፈቀቅ ይበል፣ እኔ ምን ቸገረኝ?»

ድንቄ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከመንደሩ ጫፍ ነው ቤቷ። ይህን ጊዜ የሰው እግር ሁሉ አንድ ላይ ደከመ። ዋለልኝ ጫማው ውስጥ ጠጠር ገባበት። አስረስ ሰማዩን አየ። ማሰሮዋን ይገዟታል እንጂ ደጇን መርገጥ አይወዱም ነበር። አንጓች ባለሙያዋን ይዛ ሄደች።

ድንቄ ጭቃ እያቦካች ነው። «ማሰሮ ተሰበረባችሁ?» አለች ቀና ሳትል።

«አይ። ድንቄ፣ መተኮሻሽ ፈቀቅ ካላለ ቀፎው ፈቀቅ አይልም፤ ቀፎው ፈቀቅ ካላለ ጌሾው ፈቀቅ አይልም፤ ጌሾው ፈቀቅ ካላለ በረቱ ፈቀቅ አይልም፤ በረቱ ፈቀቅ ካላለ ክምሩ ፈቀቅ አይልም፤ ክምሩ ፈቀቅ ካላለ አጥሩ ፈቀቅ አይልም፤ አጥሩ ፈቀቅ ካላለ መንገዱ አይሰፋም፤ መንገዱ ካልሰፋ ቃሬዛ አያልፍም፤ ቃሬዛ ካላለፈ ልጄ ምን ይዋጣት?» አለች አንጓች፤ ትንፋሿ ቁርጥ አለ።

«ከእኔ ወዲያ ሜዳ ነው» አለች ድንቄ። «ሁለት ክንድ ቀርቶ እስከ ማዶ ፈቀቅ እላለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ!»

«ቆይ። የምታቅዱት የትኛውን መንደር ነው?»

«መንደራችንን ነዋ።»

«እኔ አልተጠራሁም። እስቲ አሳዩኝ።» እጇን ታጥባ ተነሣች።

አስረስ ደጅ ሲደርሱ ድንቄ አመዱን ዞራ ዞራ አየች። «ይቺ የስንዱ፣ ይቺ የመሪጌታ። የእኔስ ባቄላ የታለች?»

አስረስ ዙሪያውን ሲያይ አንዲት ዶሮ ስትጭር አገኘ። «አስቀምጠን ነበር» አለ፤ «ዶሮ በላችው።»

ድንቄ ዶሮዋን አየቻት። «ይቺ ዶሮ ከአያቴ ጀምሮ ቤታችንን ስትበላ ኖራለች። እንዴት እስካሁን አልወፈረችም?»

ይኸው፣ እዚህ ላይ ነው የሚሳቀው። እዚያም ሳቁ፤ አስረስ ብቻ አልሳቀም።

«የእኔ ባቄላ ትቀመጥ፣ መተኮሻው ፈቀቅ ይላል» አለች ድንቄ።

«ባቄላማ ከተቀመጠ» አለ አስረስ፣ «ነገ ቦኖ ሲገባ እኩል ልቅዳ ልትይ ነው። ዕድር ልግባ ልትይ ነው። ስብሰባ ላይ እጅሽን ልታወጪ ነው።»

«አዎ» አለች ድንቄ።

አስረስ የባቄላው ከረጢት ላይ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ባቄላዋ ካልተቀመጠች መተኮሻው ፈቀቅ አይልም፤ መተኮሻው ፈቀቅ ካላለ ቀፎው ፈቀቅ አይልም፤ ቀፎው ፈቀቅ ካላለ ጌሾው ፈቀቅ አይልም፤ ጌሾው ፈቀቅ ካላለ በረቱ ፈቀቅ አይልም፤ በረቱ ፈቀቅ ካላለ ክምሩ ፈቀቅ አይልም፤ ክምሩ ፈቀቅ ካላለ አጥሩ ፈቀቅ አይልም፤ አጥሩ ፈቀቅ ካላለ መንገዱ አይሰፋም፤ መንገዱ ካልሰፋ...

«እማዬ!»

ይታይሽ ናት። የእናቷን በር ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ ቆማለች። «እማዬ፣ ጀመረኝ።»

አንጓች ከረጢቱን አየች፤ አስረስ አልተነሣም። ጎንበስ አለች፣ የራሷን ቤት ባቄላ ከአመዱ ላይ አነሣች፣ ወስዳ ከጫፍ፣ ከመሪጌታ ባቄላ ወዲያ አስቀመጠቻት። «ይኸው ድንቄ። የእኔን ያዢ። ልጄ ትለፍ እንጂ እኔ ቤት የለሽ ልባል።»

ስንዱ ይህን ስታይ አስረስን በክርኗ ጎሸመችው። «ተነሥ ከዚያ! ባቄላ ታቅፈህ ጫጩት ልትፈለፍል ነው?» ከከረጢቱ አንድ አውጥታ የአንጓችን ቤት መልሳ ተከለች። አስረስም ወደደም ጠላም ዶሮዋን ይዞ ብብቱ ሥር አደረጋት።

«ይቺ የማን ናት?» አለችው ድንቄ ወደ ጫፉ እያመለከተች።

አስረስ ዶሮዋን አየ፣ ይታይሽን አየ። «የድንቄ ናት» አለ።

በቃ! ባቄላዋ ተቀመጠች፤ ድንቄና ባሏ ጫቅሉ መተኮሻውን አፈረሱ፣ መተኮሻው ፈቀቅ አለ። መተኮሻው ፈቀቅ አለና ቀፎው ፈቀቅ አለ፤ ንቡ ስንዱን ለስንብት አንድ ጊዜ ሳማት። ቀፎው ፈቀቅ አለና ጌሾው ፈቀቅ አለ፤ ጌሾው ፈቀቅ አለና በረቱ ፈቀቅ አለ፤ በረቱ ፈቀቅ አለና ክምሩ ፈቀቅ አለ፤ የዋለልኝ ሚስት ያን ዕለት ፀሐይ ደጇ ላይ አይታ «ይቺ ማናት?» አለች። ክምሩ ፈቀቅ አለና አጥሩ ፈቀቅ አለ፤ አጥሩ ፈቀቅ አለና መንገዱ ሰፋ። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ አይቸኩልም፤ ጠበቃቸው።

ቃሬዛው መጣ። ከፊት አስረስና ዋለልኝ፣ ከኋላ መሪጌታና ጫቅሉ፣ ጎን ለጎን።

«ጫቅሉ፣ ትከሻህን ዝቅ አድርግ፣ ልጅቱ ዘመመች» አሉ መሪጌታ፣ ያለ ምንም ማሰብ።

«እርስዎ ከፍ ይበሉ እንጂ!»

ከፍ አሉ። ቃሬዛው አለፈ። ይታይሽ ጤና ጣቢያ ደርሳ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። አስፋልቱ እስካሁን አልመጣም። አያ ሽባባውም ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። መንገዷ ግን አለች።

አለቀ። ዳቦውን ተዉት፣ ጥርስ የለኝም፤ ወገቤን የማሳርፍበት ብቻ ስጡኝ። እስቲ ከዚህ መደብ ላይ ሁላችሁም ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ በሉልኝ። ኧረ እየተገፋፋችሁ አይደለም! መጀመሪያ ከጫፍ ያለችውን ጠይቋት።