ሟሙቶ ያለቀው ሽፋን

አንድ ብረት በያጅ ነበር፤ ስሙ ደምመላሽ ይባላል። አንድ ቀን የመጋዘን ጣሪያ ሲሠራ ወደቀና የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ሐኪሞች የብረት ዘንግ አስገብተው አጥንቱን አጋጠሙለት። ቁስሉ ግን አልደርቅ አለ፤ መግል ያዘ፤ አጥንቱም አልገጥም ብሎ ከረመ።

ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ህሊና አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ "አቶ ደምመላሽ፣ እንዲህ ከቀጠለ እግርዎን ልናጣው እንችላለን" አሉት።

"ብረቱ ደካማ ነበር ማለት ነው?"

"ብረቱስ ጠንካራ ነው። ለሰውነትዎ ግን ባዕድ ሆነበት፤ አልቀበልም አለ። ያልሞከርነው አንድ ነገር አለ። አቶ ናደው የሚባሉ ተመራማሪ የሸፈኑት ዘንግ አለ። ሽፋኑ ከፀጉር ይቀጥናል።"

ደምመላሽ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያቀልጥ የኖረ ሰው ነውና ነገሩ አልተዋጠለትም። ሆኖም እግሩን አየ፣ በር ላይ የቆመችውን ሚስቱን አየ፣ "እሺ፣ ይሞከር" አለ።

የፊተኛው ዘንግ ወጥቶ፣ ቁስሉ ታጥቦ አዲሱ ዘንግ ገባለት። መግሉ ቆመ፤ ትኩሳቱ ለቀቀው። ክረምቱ ሲወጣ ያለ ምርኩዝ ቆሞ ሄደ፤ ሚስቱም በግቢው መሐል እልል አለች።

ለማመስገን ዶክተር ህሊና ዘንድ ሲሄድ፣ "አቶ ናደውንም ያመስግኗቸው" ብለው ላኩት። አቶ ናደው በደስታ ተቀብለው አስረዱት።

"አንድ ስስ የፕሮቲን ንብርብር፣ በላዩ ፖሊመር የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር አንድ ስስ ንብርብር፣ ደግሞ ፕሮቲን፣ ደግሞ ፖሊመር፤ እንዲህ እየደራረብን ነው የምንሸፍነው። ፖሊመሩ ፕሮቲኑ እንዳይታጠብ አቅፎ ይይዘዋል፤ ቁስሉ እንዳይመግል በውስጡ የጨመርነውን መድኃኒትም ቀስ እያለ ይለቃል። ፕሮቲኑን ደግሞ ሰውነት ያውቀዋል። አጥንትዎ ሲነካው ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ተጠጋው።"

"አሁንም እግሬ ውስጥ አለ?"

"የለም፤ ሟሙቶ አልቋል። አጥንትዎ ብረቱን አጥብቆ ከያዘ በኋላ ሥራው አበቃ።"

ደምመላሽ አመስግኖ ተሰናበተ። መንገድ ላይ ለብዙ ዘመን ያላሰባቸው ሴት ትዝ አሉት። ወደ ከተማው የመጣ ጊዜ ማንም የማያውቀው እንግዳ ነበር። ቤት የሚያከራየው፣ ሥራ የሚሰጠው ጠፍቶ ሳለ፣ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ልብስ ሰፊ "እኔ አውቀዋለሁ" ብለው ዋስ ሆኑት። አሠሪ ዘንድ ይዘውት ሄዱ፤ ዕድር አስገቡት። ሰፈሩ ሲለምደው እሳቸው ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ሄዱ፤ እሱም ረሳቸው።

በማግስቱ ጠይቆ ጠይቆ ቤታቸውን አገኘ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

"ማነህ ልጄ? ዓይኔ ደክሟል።"

"ደምመላሽ ነኝ፣ እማማ። ያኔ 'አውቀዋለሁ' ብለው ዋስ የሆኑኝ።"

አሮጊቷ ሳቁ። "ኧረ እኔ መች አውቅህ ነበር! መጠጊያ አጥተህ የሰው በር በሩን ስታይ ሆዴ ባባ እንጂ።"

ደምመላሽ እንባው መጣ። "እግዜር ይስጥልኝ ሳልልዎ ይሄ ሁሉ ዘመን አለፈ።"

"ይኸው አልከኝ አይደል" አሉና እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ዛሬ የቆምነው በራሳችን ጥንካሬ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ጠንካራ መሆን ብቻውን ተቀባይ አያስገኝም። በእኛና በማያውቀን ዓለም መካከል ገብቶ ያላመደን፣ ሥራውን ጨርሶ ከዓይናችን የራቀ ሰው አለ። ስላላየነው አልነበረም ማለት አይደለም። እናንተንስ ሳያውቃችሁ "አውቃቸዋለሁ" ያለላችሁ ማን ነው? በሕይወት ካለ፣ ዛሬ ሄዳችሁ አመስግኑት።