ቁጣ የበዛበት ምክር

አንደበቷ የሰላ አንዲት ሸክላ ሠሪ የደም ግፊት ነበረባት። ሐኪሟ ዶክተር ይልቃል ምክሩ ደግ፣ ቁጣው ግን ቤት የሚያናጋ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀጠሮዋ ሲለካት ግፊቷን አሁንም ከፍ ብሎ አገኘውና አብረውት በነበሩት የሕክምና ተማሪዎች ፊት አፈጠጠባት።

«ጨው ተዪ ብዬሽ ነበር። ከተውሽ ለምን አልወረደም? ካልተውሽስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? መልሺልኝ፤ አለዚያ ሁለተኛ አላይሽም።»

ሴትየዋ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ዶክተር፣ ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ቤቴ መጥታ ስትለካኝ ደህና ነው። እኔ ጨውን ከወጤ አውጥቻለሁ። እርስዎም ቁጣውን ከምክርዎ ያውጡና እስቲ እንደገና ይለኩኝ» አለችው።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ሥራዋ ጥቂት አጫውቷት ሲለካት፣ ግፊቷ ወርዶ ነበር።