የትርንጎ እልልታ

ሰው ቤቱን ሳይዘጋ በሚያድርበት በዚያ በደጉ ዘመን፣ ሾላ ምንጭ በምትባል መንደር ትርንጎ የምትባል ፈታይ ነበረች። እኔ ከእናቴ ሰማሁ፣ እናቴም ከእናቷ ሰማች፤ እናንተም ስሙ፣ ልጆቼ።

ትርንጎ ከተወለደች ጀምሮ የላይኛው ከንፈሯ የተሰነጠቀ ነበር። በአባቷ ዘር ከስንት አንዴ ብቅ የሚል ነገር ነው። አንዱ እርግማን ነው ይላል፣ አንዱ ቡዳ ነው ይላል፤ ሥራ ፈት አፍ መቼ ያርፋል! እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ እንዝርቷን ታሾር ነበር። ጠያቂ ሳታጣ፣ «የምወልደው እኔን ቢመስልስ?» ብላ ሳታገባ ቀረች።

በዚያ ዘመን ሴት ስትወልድ አዋላጇ ልጁን ታያለች፣ ከዚያ እልልታው ይቀልጣል። እልልታ ከጠፋ ልጁ ሞቷል ማለት ነው፤ ደጅ የሚጠብቀው አባት መቃብር ሊቆፍር ዶማውን ያነሳል።

አንድ ጊዜ የወይንሐረግ የምትባል ጎረቤቷ ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቷ በየእጇ ስድስት ስድስት ጣት ነበራት። የሴቶቹ እልልታ አፋቸው ላይ ቀዘቀዘ፤ እናትም የልጇን እጆች በጨርቅ ጠቀለለች። ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ መጣች። ጨርቁን ፈታች፣ ነጠላዋን ሳትገልጥ ትንንሾቹን እጆች ሳመች። «ገበያ ስትወጡ ምርቃት ጨምሩልን ትሉ የለም? ፈጣሪ ሲመርቅ ምን ያስኮርፋል!» አለች። የወይንሐረግ እያለቀሰች ሳቀች።

ሌላ ጊዜ እግሮቹ ወደ ውስጥ የተቆለመሙ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ አፈረና ከቤት እንዳይወጣ አለ። ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አድርጋ መጣች። ልጁን አዘለችው። ገበያ ስትሄድ አዘለችው፣ ለቅሶ ስትሄድ አዘለችው፣ ሠርግ ስትሄድ አዘለችው፤ በመንደሩ የማያውቀው ሰው ጠፋ። አድጎም በምርኩዝ እየሄደ የተጣላ የሚያስታርቅ ነገር አዋቂ ወጣው።

ከዚያ የፈራችው መጣ። ያሳደገቻት የወንድሟ ልጅ ዘርትሁን ወለደች፤ የሕፃኑ ከንፈር እንደ ትርንጎ ከንፈር ስንጥቅ ነበር። አዋላጇ ዝም አለች። ሴቶቹ ዝም አሉ። ደጅ ያለው አባት ዝምታውን ሰምቶ ዶማውን አነሳ።

ዘርትሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «አክስቴ፣ የሚጠባበት ከንፈር የለውም። ተዪው፣ ይሂድ» አለች።

 «ከእኔ ዘር ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁበት» አለች ትርንጎ በልቧ። ሕፃኑ ግን አለቀሰ፤ መኖር የሚፈልግ ልቅሶ ነበር። ያን ጊዜ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ጣለች። ሰው ፊት አፏን ገልጣ አታውቅም ነበር። በዚያ ስንጥቅ ከንፈሯ እልል አለች፤ ድምጿ ተሰባብሮ ወጣ፣ ቢሆንም ደጋግማ እልል አለች።

አባትየው ዶማውን ጥሎ ገባ። «እትዬ፣ አለ እንዴ?»

«እኔ ይኸው አለሁ አይደል? እሱም ይኖራል» አለችው።

ከባዘቶዋ ቆንጥራ ወተት ውስጥ እየነከረች በሕፃኑ አፍ ጠብ ጠብ አደረገች። እጇ ዝሎ እንኳ አልተወችውም። ልጁም አደገ፣ ወለደ፣ የልጅ ልጅ አየ።

በዝምታቸው ያፈሩት ሴቶች፣ «ካየን እንመርጣለን፤ ሳናይ እልል እንበል» ተባባሉ። ዛሬ መንደሯ የተጠራችበት ሾላ ተቆርጧል፣ ፈታይም የለ፤ ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ሾላ ምንጭ ውስጥ ግን ሕፃን ሲያለቅስ አሁንም ማንም ሳያየው እልል ይባላል። የመጣለትን ልጅ ለመቀበል የሚያቅማማ ወላጅ ከተገኘም አሮጊቶቹ «ትርንጎስ አይታ እልል ብላለች» ይሉታል።