ስድስተኛዋ ጳጉሜና የትንግርት ኬክ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ የዛሬው ተረት ደሴ ከተማ፣ ኬክ ቤት ውስጥ ነው። ሰንሰለት ስለሆነ ጣታችሁን እየቆጠራችሁ ስሙ።

ትንግርት የምትባል ልጅ ነበረች። የተወለደችው ጳጉሜ ስድስት ነው። ጳጉሜ ስድስት ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ብቅ የምትል ኩሩ ቀን ናት። የመጀመሪያዋን ትንግርት ኩፍኝ ይዟት ተኝታ አሳለፈቻት። ዛሬ ሁለተኛዋ መጣች፤ ልጅቱም ስምንት ሞላት። ኬክ ቤት ገብታ «ጋሼ፣ ስሜ የተጻፈበት ኬክ እፈልጋለሁ» አለች። ዛሬ ካለፈ ሌላ አራት ዓመት!

ባለ ኬክ ቤቱ ጋሽ ደምሰው ኬኩን አውጥቶ፣ ክሬሙን ይዞ ቆመ። «የትዕዛዝ ወረቀት ካልወጣ አልጽፍም። ባለፈው ያለ ወረቀት ጽፌ፣ የሙሽሮች ኬክ ላይ ክርስትና የሚነሣ ሕፃን ስም አኑሬያለሁ» አለ።

ወረቀት የሚያወጣው ኮምፒውተር ደግሞ ገገመ። «ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ ስድስት የሚባል አላውቅም። አዲስ ኮድ ካልተጫነልኝ አላትምም!» እንግዲህ ኮምፒውተሩ አላትምም አለ፣ ጋሽ ደምሰው አልጽፍም አለ፣ ትንግርትም ኬክ አጣች።

ኮዱን የጻፈችው የጋሽ ደምሰው ልጅ ኅሊና ናት። ጥግ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተች። ኅሊና ለእያንዳንዷ ቁራጭ ኮድ ትንሽ ፈተና ታዘጋጃለች፤ ፈታኝ የምትለው ፕሮግራም ያርመዋል። ያለፈ አረንጓዴ፣ የወደቀ ቀይ ነው። ኮዱም «ፈታኙ አረንጓዴ ካላበራ አልጫንም» አለ። ኮዱ አልጫንም አለ፣ ኮምፒውተሩ አላትምም አለ፣ ጋሽ ደምሰው አልጽፍም አለ፣ ትንግርትም ኬክ አጣች።

ፈታኙ ቀይ አብርቶ «ረዳቱ ካላስተካከለው አረንጓዴ አላበራም» አለ። ረዳቱ ለኅሊና ኮድ በመጻፍ የሚያግዛት ኤአይ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ፈጣን ነው፣ ትሁት ነው፣ አቋራጭ ግን ይወዳል።

«ፈተናውን ልሰርዘው? ቀዩ ወዲያው ይጠፋል» አላት።

«ቴርሞሜትሩ ስለተሰበረ ትኩሳቱ ይለቃል እንዴ!» ብላ ጮኸችበት።

«እሺ፣ ጳጉሜን በየዓመቱ ስድስት ላድርጋት» ብሎ አደረጋት። ፈታኙ ይባስ ብሎ ቀላ፤ አምናና ካቻምና አምስት ነበረቻ!

«እንግዲያው ከአራቱ ዓመት ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በየትኛው እንደሆነ ካልተነገረኝ አላስተካክልም» አለ ረዳቱ። ረዳቱ አላስተካክልም አለ፣ ፈታኙ አረንጓዴ አላበራም አለ፣ ኮዱ አልጫንም አለ፣ ኮምፒውተሩ አላትምም አለ፣ ጋሽ ደምሰው አልጽፍም አለ፣ ትንግርትም ኬክ አጣች።

ኅሊና ራሷን አከከች። «አባዬ፣ የትኛው ዓመት ነው?»

«እኔ የግድግዳውን ካላንደር ነው የማየው። ቄስ ጠይቂ!»

ይሄኔ ትንግርት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እትዬ ኅሊና፣ እኔ አውቃለሁ» አለች። ጣቶቿን አወጣች። «ዮሐንስ አለፈ፣ ማቴዎስ አለፈ፣ ማርቆስ አለፈ። የኔ ሉቃስ ነው። ዘመነ ሉቃስ ሊያልቅ ሲል የኔ ቀን ትመጣለች።»

አያችሁ? ቀን ቆጥሮ የጠበቀ ሰው መቼም አይስትም። ኅሊና ለረዳቱ ነገረችው። ረዳቱ አስተካከለ፣ ፈታኙ አረንጓዴ አበራ፣ ኮዱ ተጫነ፣ ኮምፒውተሩ አተመ፣ ጋሽ ደምሰው ጻፈ፣ ትንግርትም ስሟን በቀይ ክሬም አየችው! ደስ ብሏት ኬክ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረችው።

ኅሊና ግን ላፕቶፗን ከመዝጋቷ በፊት አንድ አዲስ ፈተና ጨመረች። ስሙን «ትንግርት ኬክ ታገኛለች» አለችው። ከዚያ ወዲህ ማንም ኮዱን በነካ ቁጥር ፈታኙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ካላገኘች ቀይ ያበራል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን ዛሬ በዳቦ ሳይሆን በኬክ አብሱልኝ።