በርክክብ ያልተቆጠረው

ተረት ተረት፤ የውሃ መሠረት። በአንዲት ደጋ ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለ ጤና ጣቢያ፣ እናኑ የምትባል አዋላጅ ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ የማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ ውሃ እንዲሰጥ። ቧንቧው ግን ውሃ አልሰጥም አለ። ሁለት ቀን በጄሪካን እያስቀዱ አለፉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ውሃ ካልመጣ ክፍሉ እንደሚዘጋና ምጥ የያዛት ሁሉ ወደ ሆስፒታል እንደምትላክ ተናገረ። ሆስፒታሉ የሦስት ሰዓት ኮረኮንች መንገድ ነው። አልጋው ላይ ደግሞ ትርንጎ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ምጡም ጠንቶባታል። እናኑ ትርንጎን ለባልደረባዋ አስረከበችና ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች ወደ ከተማው ውሃ ቢሮ ገሠገሠች።

ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያገኘችው የቧንቧ ሠራተኛውን በሪሁንን ነው። ዶማው ትከሻው ላይ ነበር። ችግሩን ያውቀዋል። መንገዱ ላይ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ቫልቩን፣ ያን ውሃውን የሚዘጋና የሚከፍት ብረት፣ ሰዎቹ ዘግተውት ሄደዋል፤ ክዳኑም ከድንጋዩ ሥር ቀርቷል። የቱ ድንጋይ ሥር እንደሆነ ግን አያውቅም።

«ታዲያ ሲስተር፣ ሰፈሩን በሙሉ ልፈንቅለው? ካርታ ካላየሁ አልቆፍርም» አለ።

ካርታው እትዬ ስንዱ ዘንድ ነው። እትዬ ስንዱ የማኅደር ክፍል ሹም ናቸው፤ የብረት ቁም ሣጥናቸውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። እናኑ ገብታ እጅ ነሣች። በሪሁን አልቆፍርም አለ፤ ቧንቧው ውሃ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም ምጥ ላይ ናት፤ እባክዎ ካርታውን ያሳዩኝ አለች። እትዬ ስንዱ ቁልፉን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ደብዳቤ ካላየሁ አላሳይም። ዛሬ አንቺ ካየሽ ነገ አገሩ ሁሉ ያያል። ሁሉ ካየው እኔን ማን ይፈልገኛል፣ ልጄ?»

ደብዳቤ የሚጽፉት የውሃ ቢሮው ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ናቸው። እናኑ በራቸውን አንኳኳች። እትዬ ስንዱ አላሳይም አሉ፤ በሪሁን አልቆፍርም አለ፤ ቧንቧው ውሃ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም ምጥ ላይ ናት፤ እባክዎ ደብዳቤ ይጻፉልኝ አለች። አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። የመስመሩን ቁጥር ካላወቅሁ አልጽፍም አሉ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ወጥቶ አያውቅም፤ በእርሳቸው ዘመንም አይወጣም። ደግሞስ እናንተ ሰው ስታክሙ የካርድ ቁጥር አትጠይቁም ወይ ሲሉ ጠየቋት።

«እንጠይቃለን። ካርድ የላትም ብለን ግን በር ላይ አናስወልድም» አለች እናኑ።

አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ቁጥሩ ያለው ፎቅ ላይ፣ በአዲሷ ሠራተኛ በፍሬሕይወት ኮምፒውተር ውስጥ ነው ብለው ወደ ሌላ ወረቀት ዞሩ።

እናኑ ፎቁን ወጣች። አቶ ልሳነወርቅ አልጽፍም አሉ፤ እትዬ ስንዱ አላሳይም አሉ፤ በሪሁን አልቆፍርም አለ፤ ቧንቧው ውሃ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም ምጥ ላይ ናት፤ እባክሽ ኮምፒውተሩን ክፈችልኝ አለቻት። ፍሬሕይወት ወደ ኮሪደሩ አየችና በሩን ገፋ አደረገችው። ኮምፒውተሩ ከእርሷ በፊት እዚያ ይሠሩ የነበሩት የጋሼ ደምሰው ነበር፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። እርሷ እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጠች አራት ወር ሆኗታል፤ አንድም ቀን ከፍታው አታውቅም። በአራት ወር ውስጥ እንዴት ሳትጠይቅ ቀረች? እዚህ ቤት አላውቅም ማለት ነውር ነው አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አዲሷ ልጅ ጠየቀች ከተባለ ማን ሥራ ይሰጣታል? እና ቃሉን ካልነገሩኝ አልከፍትም አለች።

እናኑ ጋሼ ደምሰው ምናልባት ሞተው ወይም አገር ለቀው ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። ፍሬሕይወት በመስኮቱ አሳየቻት። ከግቢው ጥግ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተቀደደ ጎማ ቧንቧ ይጠግናሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመስመር ፎርማን ነበሩ። አዲስ መዋቅር መጣና ለጥበቃ ተመደቡ። ከፍሬሕይወት ወንበር እስከ እርሳቸው በርጩማ ስልሳ እርምጃ አይሞላም። እናኑ ደረጃውን ስትወርድ ጆሮዋ ድረስ ተቃጠለች።

«ጋሼ» አለች፣ «ፍሬሕይወት አልከፍትም አለች፤ አቶ ልሳነወርቅ አልጽፍም አሉ፤ እትዬ ስንዱ አላሳይም አሉ፤ በሪሁን አልቆፍርም አለ፤ ቧንቧው ውሃ አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም ምጥ ላይ ናት። እባክዎ የይለፍ ቃሉን ይንገሩኝ።»

ጋሼ ደምሰው ቀና አላሉም። አልናገርም አሉ። ከዚያም ምክንያታቸውን አወረዱት። ከቦታቸው ሲነሡ ርክክብ ተደርጎ ነበር፤ ሦስት ሰው ተቀምጦ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ። መዶሻ አንድ ብለው ቆጠሩ። የቧንቧ መፍቻ ሁለት። ወንበር አንድ፣ ያውም እግሩ የተሰበረ ብለው ጻፉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያወቁትን ግን የጠየቃቸው የለም። ከዚያ ወዲህ አቶ ልሳነወርቅ በዚህ በር ሲያልፉ አንገታቸውን ያዞራሉ።

እናኑ አዘነችላቸው፤ ንዴቷ ግን ከኀዘኑ በለጠ።

«በድለውዎታል፣ ጋሼ። በደልዎን ግን ትርንጎ ነች የምትሸከመው? እኛ ዘንድ ተረኛ ስትወጣ ወንበር አንቆጥርም። የማን ግፊት ከፍ ብሏል፣ የማን ልጅ ዞሯል፣ ማን ደም ፈሷታል፤ አልጋ ላልጋ እየዞረች ሁሉን ተናግራ ትወጣለች። ሳትናገር የሄደች እንደሆነ እናት ጥላ ሄደች እንላታለን። እርስዎም ተረኛ ነዎት፤ አላስረከቡም።»

«የሚረከበኝ ጠፋ እንጂ» አሉ ጋሼ ደምሰው።

«እኔ ልረከብዎ መጥቻለሁ።» ከገዋኗ ኪስ እስክሪብቶ አወጣች።

ሽማግሌው ጎማውን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜም ዓይኗን አዩት።

«የይለፍ ቃሉ ምን ያደርግልሻል?»

«ቁጥሩ እንዲገኝ።»

«ቁጥሩስ?»

«ደብዳቤው እንዲጻፍ።»

«ደብዳቤውስ?»

«ካርታው እንዲታይ።»

«ካርታውስ ምን ይሁንሽ?»

«ቫልቩ የት እንዳለ እንድናውቅ ነዋ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ደምሰው እስክሪብቶዋን በእጃቸው ዝቅ አደረጉት።

«ቫልቩንማ መስመሩ ሲዘረጋ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ካርታው ላይ የለም፤ ካርታው ሲሠራም የጠየቀኝ አልነበረም።»

እናኑ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች። ፎቅ የወጣችው፣ በር ያንኳኳችው፣ የለመነችው ሁሉ ለዚህ ነበር? ሰዓቷን አየች፤ አምስት ተኩል። ጋሼ ደምሰው ግን ተነሥተው ነበር። በርጩማውን በር ላይ ትተው፣ በሪሁንን ዶማህን ይዘህ ተከተለኝ አሉት። ፍሬሕይወት በመስኮት አይታ ወረደች፤ እትዬ ስንዱም ቁልፋቸውን እንደያዙ ወጡ።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ጋሼ ደምሰው ከበሩ ቁልቁል አሥራ አራት እርምጃ ቆጠሩ፤ ከመብራት ምሰሶው በስተግራ ቆሙና ድንጋዩን በእግራቸው መቱት። ጋሼ ደምሰው ተናገሩ፤ በሪሁን ቆፈረ፤ ክዳኑ ተገኘ፤ ቫልቩ ተከፈተ፤ ቧንቧው አንኮራፋ፣ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያም ጠርቶ ወረደ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ትርንጎን ወደ ሆስፒታል ሊወስድ በር ላይ የቆመው አምቡላንስ ሞተሩን አጠፋ።

አቶ ልሳነወርቅ ዘግይተው ደረሱ። ጉድጓዱን አይተው፣ ይህ በማን ፈቃድ ተቆፈረ ብለው ጠየቁ። በሪሁን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የገበያው ቫልቭስ የት ነው ጋሼ ይላል። እትዬ ስንዱ ካርታውን ያለ ደብዳቤ አምጥተው መንገዱ ላይ ዘርግተዋል። ፍሬሕይወት አላውቅም፣ እንደገና ይንገሩኝ እያለች ትጽፋለች። ጋሼ ደምሰው በጣታቸው ያሳያሉ።

እናኑ ይህን ቆማ አላየችም። እጇን እስከ ክርኗ በሚወርደው ውሃ እየታጠበች ነበር፤ ትርንጎ ጠርታታለች። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ሴት ልጅ አለቀሰች።

ተረቴን የሰማ ለሌላው ያሰማ፤ ሰምቶ የደበቀ ውሃ ይጠማ።