የአቶ ፈጠነ ጊታር

አንድ ቀን፣ ደብረ ዘይት ሐይቁ ዳር ሆቴል የነበራቸው አቶ ፈጠነ የሚባሉ ሰው፣ ገና ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ጊታር ተጫዋቻቸው ሽመክት መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

አቶ ፈጠነ ደግ ሰው ናቸው ይባላል፤ ደግነታቸውን በዓይኑ ያየ ግን አልተገኘም። ለእንግዳ የሚቀርበውን ሎሚ የሚቆርጡት ራሳቸው ናቸው፤ ከመሳሳቱ የተነሣ በሎሚው ውስጥ ሐይቁ ይታያል። ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ካገኙ «ተነሥ፣ ወንበሩ ደከመው» ይላሉ። ታዲያ ማን ይቆይላቸዋል? ድራመሩ ሄደ። ዘፋኟ ምንትዋብ አንድ ቅዳሜ ዘፈኗን ሳትጨርስ ማይኩን አስቀምጣ በዚያው ወጣች። ወጥ ቤቷ ጠፋች፤ በእሷ ቦታ የገባችውም የጀመረችውን ሽንኩርት ልጣ ሳትጨርስ ተከተለቻት። ከድሮዎቹ የቀረው ሽመክት ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን የቀረው አቶ ፈጠነን ወዶ አይደለም፤ ጊታሩን ወዶ ነው።

ጊታሩ አሮጌ ነው። አቶ ፈጠነ ሆቴሉን ከአንድ ጣልያን ሲገዙ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተረከቡት ነው። ሽመክት «የዚህን ድምፅ አዲስ ጊታር ላይ አታገኘውም፤ እንጨቱ በስሏል» ይላል። አሁን ግን ክሮቹ የሚታሰሩባት ቁራጭ እንጨት፣ ሙዚቀኞች ድልድይ የሚሏት፣ ከጊታሩ ሆድ ላይ ብድግ ማለት ጀምራለች።

«ጋሼ፣ ድልድዩ እየተነሣ ነው» አለ ሽመክት።

«ድልድይ? ታዲያ እኔ ጋ ምን አመጣህ? ለመንገድ ሥራ ሰዎች ልደውልልህ?»

«ኮላ ይበቃዋል። እኔማ ተጫውተን ስንጨርስ ክሩን ላላ እናድርግለት ብዬ ነበር፤ እርስዎ እምቢ አሉ።»

«ክር የተገዛው ሊወጠር ነው! ማረፍ ካማረውማ አልጋ ልያዝለት?»

ነገሩ የጠነከረው ዕለቱ የቀጠሮ ቀን ስለነበር ነው። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሀብታም ሴት ለልጃቸው ሠርግ የሚሆን ሆቴል ሊያዩ ይመጣሉ። «ሙዚቃችሁን ሰምቼ እወስናለሁ» ብለዋል። አቶ ፈጠነም «ሙሉ ባንድ አለኝ» ብለው መልሰዋል። ሙሉ ባንዱ እንግዲህ ሽመክትና ያ ጊታር ናቸው።

ሽመክት ጊዜ አላጠፋም። ክሮቹን ፈታ፣ ስስ ቢላዋ እሳት ላይ አሞቀና በድልድዩ ሥር ቀስ እያለ አስገባው። አሮጌው ኮላ እየለዘበ ሄዶ እንጨቱ በሰላም ወጣለት። አሮጌውን ኮላ ፍቆ አጸዳ፣ አዲስ ቀባ፣ ድልድዩን ቦታው መልሶ ከጎረቤት አናጺ በተዋሰው ሞርሳ አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣

«እስከ ነገ ማንም እንዳይነካው» አለ።

«እስከ ነገ?» አሉ አቶ ፈጠነ። «አራስ ነው እንዴ? ገንፎ ላሠራለት?»

«ገንፎውን እኔ እበላለታለሁ፤ እሱ ብቻ ይተኛ። ኮላው ሳይደርቅ ክር ከወጠርንበት ነቅሎ ነው የሚጥለው።»

«ሴትዮዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ኮላ ሲደርቅ ላሳያት?»

«ለዛሬ ክራር ተውሼ ልምጣና በሱ ልጫወትላቸው።»

«እኔ ጊታር ብዬ ተናግሬአለሁ! ፍታ ሞርሳውን።»

«ይነቀላል፣ ጋሼ።»

«ቢነቀል ምን ይደንቃል፣ የሠራኸው አንተ!»

ሽመክት የተኛ ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው እየተሳቀቀ ሞርሳውን ፈታ፣ ክሮቹን መለሰ። ላላ አድርጎ ሊቃኘው ሲል አቶ ፈጠነ ከራሱ በላይ ቆመው «አጥብቀው! የላላ ድምፅ ለለቅሶ ነው!» እያሉ እስከ መጨረሻው አስወጠሩት።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሁለት እህቶቻቸው ጋር መጡ። ተቀመጡ፣ ሐይቁ የሚታይበት ሎሚ ከሻይ ጋር ቀረበላቸው፣ ሽመክትም ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፈን አማረ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በትከሻቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ አቶ ፈጠነ እጃቸውን ያፋትጉ ጀመር። ሁለተኛው ዘፈን መሐል ላይ ግን «ጧ!» አለ። ድልድዩ ተመንግሎ ወጣና በክሮቹ ላይ ተንጠልጥሎ ዥዋዥዌ ይጫወት ጀመር።

ሽመክት ጊታሩን አቅፎ ቀረ። አቶ ፈጠነ ግን ብድግ አሉ።

«አያችሁ? አያችሁልኝ? ይሄ ነው እንግዲህ ባለሙያ ነኝ የሚለኝ! ደህና የኖረ ጊታር ገደለብኝ! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ የሚቀጥርህ ሆቴል ካለ እኔ ፈጠነ አይደለሁም!»

«ቆይ እንጂ፣ አቶ ፈጠነ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ «ሙሉ ባንድ አለኝ ብለውኝ አልነበር? ሌሎቹ የት አሉ?»

«ሌሎቹ... ሌሎቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ እመቤቴ። ለጊዜው ይሄ ጥፋቱን ይናገር!» ወደ ሽመክት ዞሩ። «በል ለእንግዶቹ አስረዳ! ስንት ዘመን ንቅንቅ ያላለ ድልድይ፣ ዛሬ ምን ሆኖ ለቀቀ?»

ሽመክት ጊታሩን ወንበር ላይ በቀስታ አስቀመጠ። ጣቱ ላይ የቀረውን ኮላ በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ እጅ ነሣና ወደ ጌታው ዞሮ፣

«ምን ላድርግ፣ ጋሼ?» አለ። «ድራመሩ ለቀቀ። ምንትዋብ ለቀቀች። ወጥ ቤቶቹ ተከታትለው ለቀቁ። እዚህ ቤት ሳንለቅ የቀረነው እኔና ድልድዩ ብቻ ነበርን፤ ቀደመኝ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የጠጡት ትን እስኪላቸው ሳቁ፤ ትናንት የተቀጠረው አስተናጋጅም ትሪውን አስቀምጦ ሽርጡን መፍታት ጀመረ።